መምህርት ኢንሱንና የዛጎል ፈልፋዮቹ ዕድሜ

ታክ ኢንሱን እኔ ቤት የገባችው አንድ ሻንጣና ሦስት ካርቶን መጽሐፍ ይዛ ነው። ቤቴ ጂንጁ ከተማ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው የኋላ በር ፊት ለፊት ነው። ታች ምግብ እሸጣለሁ፣ ላይ ክፍል አከራያለሁ። መምህር ሲመጣና ሲሄድ ብዙ አይቻለሁ። የሚበዙት ጥቂት ዓመት ይቀመጡና ቋሚ ቦታ ሲያገኙ ደህና ሁኚ እንኳ በቅጡ ሳይሉ ይወጣሉ። ኢንሱን ግን ቆየች። ስትገባ ፀጉሯ ጥቁር ነበር፤ ደረጃዬን ስትወጣ ስትወርድ ሸበተች።

ቋሚ አልነበረችም። በሰዓት የሚከፈላቸው መምህራን አሉ፤ ከእነሱ አንዷ ናት። ትምህርት ሲዘጋ ክፍያውም ይዘጋል። ቢሮ ስለሌላቸው ተማሪ የሚያናግሩት ኮሪደር ላይ ቆመው ነው። የኢንሱን ተማሪዎች እኔ ቤት ይመጡ ነበር። ጥግ ያለውን ጠረጴዛ ይዛ፣ ሾርባዋ እየቀዘቀዘ፣ የአንዱን ጽሑፍ መስመር በመስመር ስታርም አያታለሁ።

"መምህርት፣ ብይ እንጂ" እላታለሁ።

"አሁን፣ አጁማ፣ አሁን።"

አጁማ እኔ ነኝ፤ እኛ ዘንድ ጎልማሳ ሴት የምትጠራው እንዲህ ነው። አሁን የምትለው ነገር መቼም አይደርስም። በመጨረሻ ሾርባውን ወስጄ አሙቄ እመልስላታለሁ።

እናቷ በየእሑዱ ትደውላለች። ጆሮዋ ስለደከመ ትጮኻለች፤ ማድ ቤት ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ።

"አሁንም ትማሪያለሽ?"

"አስተምራለሁ እማዬ።"

"መምህር ከሆንሽ ወንበርሽ የታለ? ፀጉር አስተካካዩ አባትሽ እንኳ ወንበር ነበረው!"

ኢንሱን ትስቃለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ትንሽ ትቆያለች።

ልጽፍ የተነሣሁት ስለ አንድ ሥራዋ ነው። የተጀመረውም እኔው ቤት፣ በአክስቴ ምክንያት ነው። አክስቴ ማልሱን ከቶንግዮንግ ከተማ ወዲያ፣ ጎሴ የምትባል የባሕር ዳር መንደር ትኖራለች። እዚያ ሴቱ ሁሉ ዛጎል ፈልፋይ ነው። ኦይስተር የሚባለው፣ ዛጎል ውስጥ የሚኖረው የሚበላ የባሕር እንስሳ፣ ከባሕር ተጭኖ ይመጣል፣ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይቆለላል፣ እነሱ ግራና ቀኝ ቆመው በአጭር ቢላ ዛጎሉን እየከፈቱ ሥጋውን ያወጣሉ። እኔም ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው ያደግሁት። አክስቴ ጥርሷን ልትታከም ጂንጁ መጥታ እኔ ዘንድ አደረች። በማግስቱ ቁርስ ላይ ለኢንሱን የአንድ የድሮ ሠርግ ወሬ ጀመረችላት፤ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን የማንን ጫማ አጥልቆ እንደሄደ፣ ሙሽራዋ ያለቀሰችው በየትኛው ዘፈን ላይ እንደሆነ። ኢንሱን ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"እማማ፣ ስንት ዓመትዎ ነው?"

"መታወቂያዬ ሰማንያ ሦስት ይላል።"

"ዛሬም ይፈለፍላሉ?"

"ታዲያ እጄን የት ላስቀምጠው?"

በዚህ ነው የተጀመረው። እጅ እስከ እርጅና ድረስ ጥቃቅን ሥራ ሲሠራ ማስታወስን ይጠብቃል ወይ? የኢንሱን ጥያቄ ይህ ነበር። ለዚህ ደግሞ አንድ ትምህርት አይበቃም። ከሕክምና በኩል ደም የሚቀዱና የእጅ ጉልበት የሚለኩ ሰዎች መጡ። ከሂሳብ በኩል ቦንግ መጣ። ቦንግ በዕድሜ ከእሷ ትንሽ የሚያንስ፣ ሁልጊዜ እኔ ቤት ቀዝቃዛ ኑድል የሚበላ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። "እነሱ ደም ይቀዳሉ፣ እኔ ቁጥር እቀዳለሁ፣ እህቴ ወሬ ትቀዳለች" ይል ነበር።

ኢንሱን ግን ወሬውን ዝም ብላ አልቀዳችም። አንድ ክረምት ሙሉ ጎሴ ሄዳ ፈለፈለች። ማንም አላዘዛትም። "የማላውቀውን እጅ ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ?" አለችኝ። የላስቲክ ሽርጥ አስረው ከአክስቴ አጠገብ አቆሟት። የመጀመሪያው ቀን ሴቶቹ በሳቅ ሥራ ፈቱ።

"መምህርት፣ የምትከፍቺው ዛጎሉን ነው እጅሽን?" አለቻት አክስቴ።

"ሁለቱንም እማማ።"

"ኦክቡን፣ እይልኝ እስቲ! ይህች ልጅ ተምራ ተምራ ቢላ አያያዝ ሳይደርስ ትምህርቱ አለቀባት!"

ኦክቡን ከአክስቴ ማዶ የምትቆም ምላሰኛ አሮጊት ናት። "ተያት" አለች፤ "አንቺ በመጀመሪያ ቀንሽ አልቅሰሽ አይደል ወደ እናትሽ የሮጥሽው?"

ኢንሱን ጣቶቿን በፕላስተር ጠቅልላ ጂንጁ ትመለስና ማስተማሯን ታስተምራለች። ክረምቱ ሲወጣ ከዘገምተኞቹ መካከል ቢሆንም ፈልፋይ ተብላ ተቆጠረች። ያኔ ነው መጠየቅ የጀመረችው። አሥር ቃላት ታነብላቸዋለች፤ ባቡር፣ መርፌ፣ ዱባ የመሳሰሉትን። ከዚያ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ባሕሩ ታወራቸዋለች። በመጨረሻ ቃላቱን መልሱልኝ ትላለች።

ዕድሜ ላይ ደግሞ እጅግ ተጠነቀቀች። እኛ ዘንድ ሰው በአፉ የሚናገረው ዕድሜ ሁልጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይቀድማል፤ ሲወለድ አንድ ይባላል፣ አዲስ ዓመት በገባ ቁጥር ይጨመርለታል። ስለዚህ የአፍን ቃል አልተቀበለችም። ከእያንዳንዷ መታወቂያ አስመጥታ የልደቱን ቀን ከዚያ ላይ ገለበጠች። ከከተማ ለማወዳደሪያ የተመረጡትንም አሮጊቶች እንዲሁ አደረገች።

ውጤቱ ሲወጣ ቦንግ ኑድሉን ትቶ ተነሣ። የጎሴ ሴቶች በሰማንያ ዓመታቸው የከተማ ሴት በሰባ ምናምኗ የምታስታውሰውን ያህል ያስታውሱ ነበር። ጽሑፉ ውጭ አገር ባለ ትልቅ መጽሔት ላይ ወጣ። ጋዜጠኞች ጎሴ ድረስ ሄዱ። የመፈልፈያው ቤት አለቃ "የማይረሱ እጆች መንደር" የሚል ባነር በሩ ላይ ሰቀለ። አክስቴ በቴሌቪዥን ቀርባ የዚያን የድሮ ሠርግ ወሬ ለአገሩ ሁሉ አወራች።

በዚያው ወራት ዩኒቨርሲቲው አንድ ቋሚ ቦታ ከፈተ። የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ናምጉንግ ለኢንሱን ቆመላት። ከአዲሱ ዓመት በዓል በኋላ ይወሰናል ተባለ። ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር፤ ከሃምሳ በኋላ አዲስ መምህር የሚቀጥር እንደሌለ እኔም አውቃለሁ። ወይ ያኔ፣ ወይ መቼም።

ኢንሱን ሴቶቹን ልታመሰግን የሩዝ ኬክ አሠርታ ጎሴ ሄደች። ዕቃው ከባድ ስለነበር አብሬያት ሄድኩ። የምሳ ሰዓት ነበር። ሴቶቹ ጓንታቸውን አውልቀው ምድጃውን ከበዋል። ኬኩ ሲዞር አክስቴ ሁለት አነሣች።

"እኔ አሳማ ነኝ፤ አሳማ አንድ አይበቃውም።"

"እናቴም አሳማ ናት፣ እሷም እንዲሁ ነው የምትለው" አለች ኢንሱን እየሳቀች። ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ቆመ።

እኛ አገር ሰው ዕድሜውን ሊዋሽ ይችላል፣ ሊረሳም ይችላል። የተወለደበትን ዓመት እንስሳ ግን አይረሳም። አሥራ ሁለት ናቸው፤ በየዓመቱ እየተፈራረቁ ይዞራሉ፤ ጋብቻም፣ ጠብም፣ ስድብም በእነሱ ነው።

"እማማ፣ በመታወቂያዎ እርስዎ እኮ ከእናቴ በአራት ዓመት ይበልጣሉ። የበግ ዓመት ነዎት።"

"በጓማ ሞታለች" አለች አክስቴ እያላመጠች።

ሴቶቹ ሳቁ። ኢንሱን አልሳቀችም።

"በጓ ማን ናት?"

"ታላቄ ናታ። ቦክሬ። ኩፍኝ ወሰዳት። እኔ ስወለድ አባቴ 'ወረቀቷ አለ አይደል፣ ምን ያሯሩጠኛል' አለ። ያኔ ጽሕፈት ቤት የሚኬደው በጀልባ ነው፤ ቀን ሙሉ ይፈጃል። ለመንግሥት እሷ አልሞተችም፣ እኔም አልተወለድኩም።"

"መታወቂያዎ ላይ ቦክሬ የሚለው..."

"የሷ ስም ነው። የኔ ማልሱን ነው።"

ኢንሱን ስሙን አይታው ነበር። ግን የቤት ስምና የወረቀት ስም የተለያየበት ሰው ሞልቷል፤ ምንም አልመሰላትም።

"የኔዋ ሟች ነብር ነበረች" አለች ኦክቡን። "እኔ ዘንዶ ነኝ።"

"አንቺ ደግሞ ምን ዘንዶ ይወጣሻል፣ እባብ እንጂ!" አለች አንዷ ከምድጃው ማዶ።

"አንቺ አይጥ ዝም በይ! የሞተ ወንድምሽን ወረቀት ለብሰሽ አይደል የምትኖሪው? ወታደር ቤት ሊጠሯት ምንም አልቀራቸውም እኮ!"

ሳቁ ደመቀ። ኢንሱን ኬኩን መልሳ ሳህን ላይ አስቀመጠች። ተነሥታ ከአንዷ ወደ አንዷ እየዞረች እንስሳቸውን ትጠይቅ ጀመር። ውሻ፣ ጥንቸል፣ በሬ። ግማሽ የሚሆኑት ከመታወቂያቸው አልገጠሙም። ሁሉም በወረቀት ከእውነተኛ ዕድሜያቸው ይበልጣሉ። በዚያ ዘመን ኩፍኝ ጎሴን እየተመላለሰ መታት፤ ባለተራው ሕፃን የሟቹን ወረቀት ይወስድ ነበር።

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"መታወቂያ አምጡ አልሽ፣ አመጣን" አለች ኦክቡን። "ማን እንደሞተ አልጠየቅሽም።"

ከክፋት አልነበረም የተናገረችው። እኔም ይህን አውቅ ነበር፣ አክስቴ ናትና። ነገር ግን ለእኛ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ለሰው የሚነገር ወሬ ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም።

በአውቶቡስ ስንመለስ ኢንሱን በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር። ድልድዩን ስናልፍ፣ "ስንት ሕፃን ነው የሞተው፣ አጁማ?" አለችኝ። ማን ቆጥሮት።

ቦንግ ቁጥሮቹን እንደገና ሠራ። ሲጨርስ እኔ ቤት መጥቶ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠና ኑድል ሳያዝ "ተኛ" አላት።

"ምኑ ነው የተኛው?" አልኩ እኔ።

"መስመሩ ነዋ አጁማ። የጎሴ ሴቶች መስመር ከከተማዎቹ በላይ ቀና ብሎ ይሄድ ነበር። አሁን ሁለቱ ጎን ለጎን ተኝተዋል፣ እንደ ባልና ሚስት።"

"ምንም ልዩነት የለም?" አለች ኢንሱን።

"ለዓይንም የለም፣ ለሂሳብም የለም።" ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። "ስሚኝ እህቴ። ቦታው የሚወሰነው ከበዓሉ በኋላ ነው። ከዚያ ብትናገሪው ስህተቱ የትም አይሸሽም።"

"ባሕር ማዶ፣ ኦሳካ ያሉ ሰዎች የእኛን ጽሑፍ ይዘው አሮጊት ሽማግሌውን ሊያስፈለፍሉ ነው። ከመርሳት ይድናሉ ብለው።"

"ቢፈለፍሉ ምን ይሆናሉ?"

"የሚጠቅማቸውን ሌላ ነገር ይተዋላ።"

እኔ ብሆን ዝም እል ነበር። ዝም ብዬም ነው እዚህ የደረስኩት። ስንት ዓመት ቆሜ ስሠራ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ እውነት የተናገረ ሰው የሚበላው ሾርባ ከሌላው ሰው ሾርባ እንደማይወፍር ነው። ግን አልመከርኳትም። ፊቷን አይቼ ተውኩት።

ፕሮፌሰር ናምጉንግ ራሱ መጣ። ቢሮው ጠርቶ ሊያናግራት ሲችል፣ ሰው እንዳይሰማባት ብሎ እኔ ቤት መምጣቱ ደግነቱ ነው። የበሬ አጥንት ሾርባ አዘዘ። ማድ ቤቱና ጠረጴዛው መካከል ያለው መጋረጃ ብቻ ነው።

"ስህተት የሌለበት ጥናት የለም" አላት። "ታርሚዋለሽ። ጊዜው ሲደርስ።"

"መች ነው ጊዜው ፕሮፌሰር?"

"ወንበርሽ ላይ ከተቀመጥሽ በኋላ! ሃምሳ ሊሞላሽ ነው፤ ይህን የምልሽ ላስቀይምሽ አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

ድምጿ ዝቅ ስላለ እኔም ቢላዬን አቁሜ አዳመጥኩ።

"እነዚያ ሴቶች በሟች ወረቀት የኖሩት ወደው አይደለም፤ ሕፃን ነበሩ። እኔ ግን አውቄ በሞቱ ሕፃናት ዕድሜ ቦታ ልያዝበት?"

ናምጉንግ ሾርባውን በማንኪያው አማሰለ። ከዚያ "አባትሽ ምን ነበር የሚሠራው?" አላት።

"ፀጉር አስተካካይ ነበር።"

"እልኸኛ ፀጉር አስተካካይ መሆን አለበት" ብሎ ሾርባውን ሳይጨርስ ወጣ።

በዚያው ሳምንት ለመጽሔቱ ጽፋ ጽሑፉ እንዲነሣ አደረገች። ዕድሜውን የመዘገብኩት እኔ ነኝ፣ ስህተቱ የእኔ ብቻ ነው ብላ ጻፈች፤ የቦንግም የሕክምና ሰዎቹም ስም እንዳይነካ። የሕክምና ሰዎቹ ግን በመንገድ ሲያገኟት ሰላምታ ነፈጓት። ቦታው ከሴኡል ለመጣ ወጣት ተሰጠ። ደህና ልጅ ነው፣ ዛሬ እሱም እኔው ቤት ይበላል። እሑድ እናቷ ስትደውል ኢንሱን "ለሌላ ሰጡት እማዬ" አለች። እናትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጮኸችም። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሌላም ደፋር ሰው ያደርገው ይሆናል። እኔን የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ወረቀት ላይ ስህተትን መናገር አንድ ነገር ነው፤ ለአሮጊቶቹ እንድትነግር ግን ማንም አልጠየቃትም። ዝም ብትል ጎሴ የሚደርስ መጽሔት የለም። ባነራቸው ሥር በኩራት ይሞቱ ነበር። እሷ ግን "የእነሱ ነገር ነው፣ ከእነሱ በፊት የሰማው ሰው በዛ" ብላ አውቶቡስ ጣቢያ ሄደች። እኔም ምግብ ቤቱን ዘግቼ ተከተልኳት።

ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ነገረቻቸው። ነገሩን አላድበሰበሰችም። ማስታወሳቸው ደህና እንደሆነ፣ ግን ከሌላ ሴት እንደማይበልጥ፣ የበለጠ የመሰለው የሟቾቹ ዕድሜ ስለተጨመረበት እንደሆነ። ሬዲዮው አንድ የድሮ ዘፈን ይዘፍናል፤ የሚያጠፋው ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የተናገረው አለቃው ነው። "ባነሩማ ይቆይ፣ ነጋዴ እየመጣበት ነው።"

"ባነሩ የእናንተ ነው" አለች ኢንሱን። "ዩኒቨርሲቲው ያጠናው ነው ብላችሁ ግን አትንገሩ።"

ኦክቡን ቢላዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረች። "ስትመጪ ተራ አሮጊቶች ነበርን። አዋቂ ናችሁ አልሽ። ልጄ ከቡሳን ደውሎ 'እማዬ ኮራሁብሽ' ብሎኝ አያውቅም፤ ያኔ አለኝ። አሁን ምን ልበለው? መምህርቷ ረስታ ነው ልበለው?"

"እኔ ተሳሳትኩ ይበሉት።"

"አንቺ ተሳሳትሽ፣ እኛ ተዋረድን!" ጀርባዋን ሰጥታ መፈልፈሏን ቀጠለች። ዛጎሉ በእጇ ይጮኻል።

ኢንሱን አልተከራከረችም፣ አላለቀሰችምም። ቆመች። አጥፍቶ መቆም የሚችል ሰው ብዙ አላየሁም።

አክስቴ ጓንቷን አወለቀች።

"እና እኔ ሞኝ ነኝ ማለት ነው?"

"አይደሉም እማማ። እንደ ዕድሜዎ ነዎት።"

"እንደ የትኛው ዕድሜዬ?"

"እንደ ራስዎ።"

አክስቴ አንድ ባዶ ሣጥን ገልብጣ ተቀመጠች። "በይ እኔን ጠይቂኝ። እስካሁን የጠየቅሽው ቦክሬን ነው። ምስኪን፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላት የሞተች ልጅ ስለ ባቡር ምን ታውቃለች?"

ኢንሱን አዲስ ወረቀት አወጣች። ስም፣ ማልሱን። ዓመት፣ አሳማ። አዲስ ቃላት አነበበችላት፣ ስለ ልጆቿ አወራቻት፣ ከዚያ ይመልሱልኝ አለቻት። አክስቴ ስድስቱን አገኘች። ሰባተኛውን ፍለጋ ጣሪያው ላይ ብዙ አፈጠጠች።

"አነሰ?"

"ለእርስዎ ዕድሜ ልክ ነው።"

"ለኔ።"

"ለእርስዎ።"

"ልክ ከሆነ ይበቃል" አለች አክስቴ፤ ሆኖም ደስ እንዳላት አንገቷ ያስታውቅ ነበር። "ሌላዋ ትምጣ!"

አይጧ መጣች፣ የሞተ ወንድሟን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሷ ስም ለይታ አስጻፈች። ውሻዋ መጣች፣ ጥንቸሏ መጣች። በተራ ሲቀመጡ እያንዳንዷ ከራሷ በፊት የሞተውን ትናገራለች፤ ኢንሱን እሱንም ትጽፋለች። ለመጠየቅ ያሰበችው ያን አልነበረም፣ ግን አላቋረጠቻቸውም። በኋላ ሁለተኛው ጥናቷ የሆነው ይህ ነው፤ ትንሽ መጽሔት ላይ የወጣ፣ ጋዜጣ ያልጻፈበት። ስለ አሮጊቶች የሚያጠኑ ሰዎች ግን ከየቦታው እየደወሉ ምን ብለን እንጠይቅ ይሏታል፤ ጥግ ካለው ጠረጴዛዬ ሆና ትመልስላቸዋለች።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሁሉም ተጠይቀው ኦክቡን ብቻ ቀረች። ኢንሱን አልጠራቻትም። ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ኦክቡን የያዘችውን ክምር ጨርሳ፣ ቢላዋን አጥባ፣ እጇን በሽርጧ አበሰችና መጥታ ሣጥኑ ላይ ዘጭ አለች።

"ዘንዶ" አለች ሌላ አቅጣጫ እያየች። "ቀስ ብለሽ አንብቢ። ለነዚያ ስታነቢ ፈጥነሻል።"

ኢንሱን ቀስ ብላ የመጀመሪያውን ቃል አነበበችላት።